ጀማሪውን ጋላቢ ማን ይከፍልለታል? ከመቻራ ጎዳና እስከ እሽቅድድም መም



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርእስ ለታሪክ ጉባኤ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የምናገረው ስለ ነገሥታትም ስለ ጦርነትም አይደለም፤ ስለ ሒሳብ ነው። አንድን ወጣት በሁለት ጎማ ላይ አስቀምጦ ወደ ውድድር ለማስገባት ምን ያህል ወጪ ያስፈልጋል፣ ያንንስ ወጪ ማን ይሸፍናል የሚል ሒሳብ። ይህ ሒሳብ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ከዚህ አገር ጎዳና የራቀ አይደለም።

ወደ ዳሮ ለቡ ወርዶ በመቻራ ከተማ ጥቂት ቀን የሰነበተ ሰው የሚያውቀውን ላስታውስ። ጫት ተቆርጦ በታሰረበት ሰዓት የሞተር ድምፅ ይሰማል። ቀደም ያሉ ሰዎች ዶቅዶቄ ይሉት የነበረውን መኪና ዛሬ ልጆቹ በአጭሩ ሞተር ይሉታል። ከኋላ የታሰረው እስር በእርጥብ ቅጠል ተሸፍኗል፤ የሚነዳው ወጣት ሃያ ዓመት ያልሞላው ሊሆን ይችላል። የተቆረጠ ጫት ውሎ ካደረ ይጠወልጋል፣ ሲጠወልግም ዋጋው ይወድቃል። ስለዚህ እዚህ ፍጥነት የጀብደኝነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የገበያ ሕግ ነው። ይህ ልጅ በኮረት መንገድ ላይ ጎማው ሲንሸራተት ሰውነቱን ወዴት ማዘንበል እንዳለበት፣ ቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን መቼ መንካት እንደሌለበት ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። በሌላ አገር ይህን ችሎታ ለማግኘት አባቶች ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ። ታዲያ ከእነዚህ ልጆች አንዱ እንኳ የእሽቅድድም ጋላቢ ያልሆነው ለምንድን ነው? «ድሆች ስለሆንን» የሚለው መልስ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ታሪክ ለሚያጠና ሰው አይበቃም። ድሃ አገሮች ሯጭ አፍርተዋል፣ ብስክሌተኛ አፍርተዋል፤ አንዳንዶቹ የሞተር እሽቅድድም ባለ ድል ሳይቀር አፍርተዋል።

መጀመሪያ ስለዚሁ ስለ ጨርጨር ጥቂት ልበል። በዚህ ምድር ላይ የመጓጓዣ ዋጋ ሁልጊዜ የኑሮ ዋጋ ነበረ። ደጋው ቡና ያበቅላል፤ ገበያው ቆላ ነው። የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ የጨርጨር ቡና ወደ ሚኤሶና ወደ ሌሎቹ ጣቢያዎች በበቅሎና በግመል ይወርድ ነበር። በሩሲያ ተምረው የተመለሱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ፣ ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኒያው ሰው ማለት ነው፣ አሰበ ተፈሪን ለሌሎች ከተሞች አርአያ እንዲሆን አስበው አቀኑ። የዛሬዋ ጭሮ ከዚያ ሐሳብ የተወለደች ናት። ከተማ ማቅናት ማለት በአመዛኙ መንገድ መጥረግ ነውና፣ መንገዱ ከዘመን ዘመን በቅሎውን፣ የጭነት መኪናውን፣ በመጨረሻም ሞተሩን አስተናገደ።

የፈረሱም ነገር መነሣት አለበት። ጉግስ በኢትዮጵያ የጌቶች ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ ቢሆንም ፈረስ የሌለው ሰው አይጫወተውም። የወጪው ጥያቄ እዚያም ነበረ፤ መልሱ ግን በማኅበረሰቡ ውስጥ የተገኘ መልስ ነው። ፈረሱ ለእርሻ ዘመድ፣ ለመንገድ፣ ለሠርግ፣ ለልቅሶ ያገለግላል፤ ጨዋታው በትርፍ ጊዜው ይመጣል። የዋጋው አብዛኛው ክፍል በሌላ ሥራ ተከፍሏል ማለት ነው። በአገው ምድር በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የፈረሰኞች በዓል እስከ ዛሬ የኖረው አንድም በዚህ ምክንያት ነው፤ ለበዓሉ ተብሎ ብቻ የተገዛ ፈረስ ጥቂት ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ እርሱ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሩቅ ምሥራቅ ልሻገር። በ1958 እ.ኤ.አ. የሆንዳ ኩባንያ 50 ሲሲ የሆነች ትንሽ ሞተር ሳይክል ለገበያ አቀረበ፤ ስሟ ሱፐር ከብ ነው። መሥራቹ ሶይቺሮ ሆንዳና ባልደረቦቹ በሐሳባቸው የያዙት ደንበኛ የምግብ ቤት ተላላኪ ነበረ። ልጁ በአንድ እጁ የምግብ ትሪ ተሸክሞ በሌላው እጁ እንዲነዳት፣ የግራ እጅ ፍሪሲዮን እንዳይኖራት ተደረገ። ከመቻራው ጫት ጫኝ ጋር ያለውን ዝምድና ልብ በሉ። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ቁጥር የተሸጠችው ባለ ሞተር ተሽከርካሪ የተወለደችው ከተላላኪ ልጅ ችግር ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያው ኩባንያ በእንግሊዝ አጠገብ በምትገኘው በማን ደሴት ውድድር ገባ፤ በ1961 የዓለም ሻምፒዮና ወሰደ። የሥራ ሞተርና የእሽቅድድም ሞተር በአንድ ጣሪያ ሥር ያደጉ ወንድማማቾች ነበሩ።

የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ1962 የ50 ሲሲ ምድብ በዓለም ሻምፒዮና ውስጥ ሲከፍት ዓላማው ግልጽ ነበረ፤ ትንሽ ገንዘብ ያለው ጀማሪ የሚገባበት በር ይሁን የሚል። የተከተለው ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ያሸነፈው ከምሥራቅ ጀርመን የከዳው ኤርንስት ደግነር ነበረ፤ የአገሩን ፋብሪካ የሁለት ምት ሞተር ምሥጢር ይዞ ወደ ሱዙኪ ሄዶ ነው ያሸነፈው። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ለአቶሚክ ቦምብ ብቻ ሳይሆን ለአንድ ብርጭቆ ግማሽ የማይሞላ የሞተር ሲሊንደርም ሰው አገር ይከዳ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ያቺ የድሃ ልጅ በር የተባለችው ምድብ የፋብሪካዎች መፋለሚያ ሆነች። በ1967 ሱዙኪ ያቀረበው ባለ 50 ሲሲ ሞተር ሁለት ሲሊንደርና 14 ማርሽ ነበረው። አስራ አራት ማርሽ! ይህን የሚገዛ የተላላኪ አባት የት ይገኛል?

ፌዴሬሽኑ ስሕተቱን ያረመው በሕግ ነው። ከ1969 ጀምሮ በዚያ ምድብ ሞተሩ አንድ ሲሊንደርና ከስድስት የማይበልጥ ማርሽ እንዲኖረው ተወሰነ። ትልልቆቹ የጃፓን ፋብሪካዎች ቀድመው ወጥተው ነበርና ሜዳው ለትንንሾቹ ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ሻምፒዮን የሆነው ማን ነው? በማድሪድ የሠራተኞች ሰፈር በቫዬካስ ያደገው፣ ገና በልጅነቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ባርሴሎና የሄደው አንኸል ኒዬቶ ነው፤ የነዳውም ደርቢ የተባለው ትንሽ የስፔን ኩባንያ የሠራውን ነው። ኒዬቶ በ50 እና በ125 ሲሲ በድምሩ 13 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ የ13 ቁጥርን ገድ ስለሚፈራ «12 ሲደመር 1» ይል ነበር። ስፔን ዛሬ በዚህ ስፖርት ያላት የበላይነት ከሀብት የመጣ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። በ1960ዎቹ ስፔን ሀብታም አልነበረችም። የነበራት የትንንሽ ሞተር ፋብሪካዎች፣ ትንሽ ሞተር የሚነዳ ሠራተኛ ሕዝብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወጪን የሚገድብ ሕግ የከፈተው በር ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ታሪክ እጅግ አስፈላጊው ዓመት 1969 ነው፤ በሞተር ስፖርት መጻሕፍት ግን በአንድ መስመር ይታለፋል።

ሕግ ግን ዘላቂ ግድግዳ አይደለም። 50 ሲሲ በ1983 ተቋረጠ፣ 80 ሲሲ ለጥቂት ዓመታት ተተካ፣ 125 ሲሲ እስከ 2011 ዘለቀ፤ በ2012 ሞቶ ሦስት የተባለው ምድብ በ250 ሲሲ፣ በአንድ ሲሊንደርና በአራት ምት ሞተር መጣ። ለሞተሩ የዋጋ ጣሪያ ተበጀለት። ሆንዳ ማንም ሊገዛው የሚችል ሞተር ይዞ ሲቀርብ፣ የኦስትሪያው ኬቲኤም ሙሉ የፋብሪካ ቡድን ይዞ ቀረበና አሸነፈ፤ ሆንዳም ዝም አላለም፤ በ2014 እጅግ የላቀ ሞተር ሠርቶ ተመለሰ። ከ1962 እስከ 1967 የሆነው ነገር በሌላ ልብስ ተደገመ።

እንግዲህ የጀማሪ ዋጋ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንይ። ሰው ሲያስበው ሞተሩን ያስባል። ሞተሩ ግን አንድ ጊዜ ይገዛል። ጎማው በየውድድሩ ያልቃል። የሚማር ልጅ ይወድቃል፤ በወደቀ ቁጥር እጀታ፣ ፔዳል፣ የፕላስቲክ ሽፋን ይሰበራል። ከቆዳ የተሠራው ልብስ፣ ጓንቱ፣ ቡቱ፣ የራስ ቁሩ አለ፤ አንዴ በኃይል የተመታ የራስ ቁር ደግሞ ደህና ቢመስልም መለወጥ አለበት፤ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ልብስ በየዓመቱ ይጠበዋል። የመም ኪራይ፣ መካኒክ፣ ኢንሹራንስ፣ ጉዞ አለ። ከሁሉ የሚከብደው በደረሰኝ የማይመዘገበው ነው፤ አባት ወይም እናት ሥራቸውን ትተው ልጁን ይዘው የሚዞሩበት ጊዜ። አውስትራሊያዊው ኬሲ ስቶነር 14 ዓመት ሲሆነው ወላጆቹ ያላቸውን ሸጠው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ፤ በአገሩ ሕግ በአስፋልት ለመወዳደር 16 ዓመት መሙላት ነበረበትና። ኋላ ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ግን ሸጠው የተሰደዱና ምንም ያላተረፉ ወላጆች ታሪክ በመጽሐፍ አይጻፍም። የቫለንቲኖ ሮሲ አባት ራሱ የሞተር ተወዳዳሪ ነበረ፤ ቢሆንም ልጁን በመጀመሪያ ያስገባው በትንሽ መኪና እሽቅድድም ነው፤ ወጪው ሲከብድ ነው ወደ ትንንሽ ሞተሮች ያዞረው። ይህ ስፖርት ከታላላቅ ስሞቹ አንዱን ያገኘው ሌላው ስፖርት ስለተወደደ ነው።

ከቤተሰብ ውጭ ሌላ ከፋይ የመጣው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በስፔን በ1999 የአንድ የስልክ ኩባንያ ድጋፍ ያለው የወጣቶች ዋንጫ ተከፈተ፤ ሞተሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ ወጪውም የአዘጋጁ ነበረ። በዚያ ከተመረጡት ልጆች አንዱ ዳኒ ፔድሮሳ ነው። ቤተሰቡ አቅም ስላልነበረው ሞተሩን ትቶ ወደ ተራራ ብስክሌት ውድድር ለመግባት አስቦ ነበር። ተመረጠ፤ ከአራት ዓመት በኋላ የ125 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2007 የተጀመረው የሬድ ቡል ጀማሪዎች ዋንጫና በ2014 የተከፈተው የእስያ ተሰጥኦ ዋንጫም በዚሁ መንገድ ሄዱ።

አፍሪቃስ? አፍሪቃ የዓለም ሻምፒዮን የሆኑ ሞተረኞች አላት። ከሮዴዢያ የተነሡት ጋሪ ሆኪንግና ጂም ሬድማን በ1960ዎቹ፣ ኮርክ ባሊንግተን በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ የደቡብ አፍሪቃው ብራድ ቢንደር ደግሞ በ2016 በሞቶ ሦስት። ሁሉም ነጮች ናቸው። ይህን የምለው ድካማቸውን ለማሳነስ አይደለም፤ ቢንደርም ያለፈው በዚያው በነጻው የጀማሪዎች ዋንጫ ነው። ነገር ግን መም፣ ክለብና ጋራዥ የነበረው በየትኛው ሰፈር እንደሆነ፣ ወደዚያ ሰፈር መግባት የተከለከለውም ለማን እንደነበረ ስሞቹ ይናገራሉ።

በእኛ አካባቢ ተመሳሳዩን ነገር ያየነው በብስክሌት ነው። በአሥመራ ጣሊያኖች በ1937 እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት ውድድር ለጣሊያናውያን ብቻ ነበረ፤ በ1939 ኤርትራውያን እንዲሳተፉ ሲፈቀድ ገብረማርያም ገብሩ ቀደማቸው። በሩ ለአንድ ቀን ተከፍቶ ውጤቱ በዚያው ቀን ታየ። በኅዳር 1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ወደ ሜልቦርን ከላከቻቸው መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባሕታና ንጉሤ መንግሥቱ። በቡድን የጎዳና ውድድር 9ኛ ወጡ። ለመጀመሪያ ተሳትፎ መልካም ውጤት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ አበበ ቢቂላ በሮም አሸነፈና የአገሪቱ ዓይን ወደ እግር ዞረ።

ለምን እንደዞረ በገንዘብ ማስረዳት ይቻላል። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበረ፤ ደመወዙን፣ ምግቡን፣ የልምምድ ጊዜውን የሸፈነው ተቋሙ ነው። የሯጭ እግር ቀረጥ አይከፈልበትም፤ መለዋወጫም አይጠብቅም። በኋላም መቻልና ንግድ ባንክን የመሳሰሉ ክለቦች ሯጭን በደመወዝ ያዙ። ከዚህ ከምዕራብ ሐረርጌ ጋር የሚዋሰነው የአርሲ ምድር፣ በተለይም በቆጂ፣ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያወጣው በዚህ ሥርዓት ነው። ከፍታው ይረዳል፤ ነገር ግን ከፍታ ብቻውን ክለብ አይሆንም። ጨርጨርም ከፍታ አለው።

ብስክሌተኛው ግን መለዋወጫ ይፈልጋል። በ1991 እ.ኤ.አ. በመቀሌ የተወለደው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የተነሣው ከመቀሌ የብስክሌት ባህል ነው፤ መንገዱን ያሻገረው ግን የዓለም ብስክሌት ማኅበር በደቡብ አፍሪቃ በፖቼፍስትሩም የከፈተው ማሠልጠኛ ነው። በአጋጣሚ ብራድ ቢንደር የተወለደባት ከተማ ናት። የኢትዮጵያዊው ጀማሪ ወጪ በዓለም አቀፍ ማኅበር ሒሳብ ተሸፈነ፤ ከሜልቦርን እስከ ፈረንሳይ ስልሳ ዓመት ያስቆጠረውም በመካከል እንዲህ ያለ ከፋይ ስላልነበረ ነው።

ወደ ሞተር ስንመጣ ነገሩ ይጠናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ የራስ ቁር ዋጋ በብር ሲሰላ ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። ለሥራ ሞተር ባለቤት ይህ ከባድ ነው፤ ለስፖርት ደግሞ በሩን ከነመቀርቀሪያው መዝጋት ነው። ከዚያ ቀደም ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሞተር ሳይክል ላይ የተጣለው እገዳ፣ ምክንያቱ የወንጀል ሥጋት ቢሆንም፣ ሞተረኛ ወጣትን በሕዝብ ዓይን እንደ ተጠርጣሪ አስቀመጠው። የአንድ ስፖርት የመጀመሪያ ወጪ አንዳንዴ ስም ማደስ ነው።

ርካሽነትም የራሱ ዋጋ እንዳለው መደበቅ አይገባም። በ2021 እ.ኤ.አ. በጀማሪ ምድቦች ሦስት ልጆች ሞቱ፤ የ19 ዓመቱ ጄሰን ዱፓስኬር፣ የ14 ዓመቱ ኡጎ ሚያን፣ የ15 ዓመቱ ዲን ቤርታ ቪንያሌስ። ሞተሮቹ እኩል ሲሆኑ ማንም ከማንም አይለይም፤ ሠላሳ ልጆች ተጠጋግተው ይሄዳሉ፣ የወደቀውን ከኋላ የሚመጣው ይመታዋል። ወጪን ለመቀነስ የተደረገው እኩልነት አደጋውን አበዛው። ከዚህ በኋላ በዓለም ሻምፒዮና ለመሳተፍ ዝቅተኛው ዕድሜ ከ2023 ጀምሮ 18 ሆነ። ውሳኔው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግን ሒሳቡን እንመልከት። ልጁ በ16 ዓመቱ ይገባበት የነበረው ቡድን አሁን በ18 ነው የሚቀበለው፤ የሁለቱን ዓመት ወጪ የሚችለው ቤተሰብ ነው። ደህንነቱ ሲጨምር የድሃው ልጅ መንገድ ረዘመ።

ታዲያ ለመቻራው ልጅ ከዚህ ታሪክ ውስጥ የሚቀርበው የትኛው ምዕራፍ ነው? የአውሮፓው አይመስለኝም፤ የህንዱ ነው። በእኛ ጎዳናዎች የሚሄዱት ብዙዎቹ ሞተሮች ከህንድ የመጡ ናቸው። ከአምራቾቹ አንዱ ቲቪኤስ በአገሩ አንድ ዓይነት ሞተር ብቻ የሚሳተፍበት ውድድር ያዘጋጃል፤ የጀማሪ ምድብም አለው። ሞተሩ አፓቼ ነው፤ እዚህ መንገድ ላይ የምታዩት የዚያው ቤተሰብ። ኩባንያው የሚከፍለው በጎ አድራጊ ስለሆነ ሳይሆን፣ ውድድሩ ዕቃውን ስለሚሸጥለት ነው። የፈረሱን ነጥብ ያዙልኝ ያልሁት ለዚህ ነበር። በሥራ ዋጋው የተከፈለ ፈረስ ነው ለጉግስ የሚወጣው፤ ጫት ያጓጓዘው ሞተር ዕዳውን ከፍሎ ሲጨርስ እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው 14 ማርሽ አይደለም፤ ከመንገድ የተለየ የአፈር መም፣ ደህና የራስ ቁር፣ ዝቅተኛ ፍጥነት ያለው ምድብ፣ በቅርብ የሚገኝ አምቡላንስ፣ እንዲሁም የሞተሩን ዓይነት የሚወስን አጭር ሕግ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በዋጋ የሚከብደው አምቡላንሱ ነው፤ አምቡላንሱ ሳይኖር ደግሞ ይጀመር የሚለኝ ሰው ቢኖር አልስማማም። በአሁኑ ጊዜ ልጆቹ በየቀኑ ያለ መም፣ ያለ ሕግና ያለ አምቡላንስ ይሽቀዳደማሉ፤ ከፋዩም ቤተሰብ ነው፤ የሚከፈለውም በአጥንት ሕክምና ክፍል ነው።

የተሰጠኝ ጊዜ አልቋል። በፈረስ ጨዋታ ዙሪያ ከሀብሮና ከዳሮ ለቡ የመጡ አባቶች እዚህ አሉና፣ ወደ ጥያቄ ከመሄዳችን በፊት በመጀመሪያ እነርሱ እንዲናገሩ እለምናለሁ።